ሰው የጫነ ሮኬት ለምን በትንሽ ነገር ይቆማል?

ግንቦት 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ነው። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘግተዋል። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ደብረ ብርሃን እኛ ቤት ከርሟል። ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። «ዛሬ ሁለት ጠፈርተኞች ከፍሎሪዳ ይነሳሉ» ብሎ ከእራት ጀምሮ ስልኬን አልለቀቀም። ሁለታችንም ጋቢ ተከናንበን አንዲት ስልክ ላይ አፍጥጠናል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ልጁ ስልኩን ይዞ ወደ መስኮቱ ይሮጣል፤ ሲመለስለት ተመልሶ ይመጣል።

ሊነሱ 17 ደቂቃ ሲቀር ቆጠራው ቆመ። በአየሩ ምክንያት ለዛሬ ቀርቷል ተባለ።

«አጎቴ፣ ለደመና ብለው ነው?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ያን ማታ የረባ መልስ አልሰጠሁትም። «መብረቅ ፈርተው ነው፤ በል ተኛ» አልኩት። መልሱ ስህተት አልነበረም፤ ጎዶሎ ነበር እንጂ። ሰው የጫነ ሮኬት ለምን በትንሽ ነገር እንደሚቆም ለመረዳት፣ መቆም ሲገባው ሳይቆም የሄደባቸውን ቀኖች ማወቅ ያስፈልጋል። እኔም ከዚያ ማታ ወዲህ ስለነዚያ ቀኖች ያገኘሁትን ሳነብ ቆየሁ። ያወቅሁትን ለእሱም ለእናንተም በቀላሉ ላስረዳ። ዓ.ም. ብዬ ከጻፍኩት በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጠፈር ከአዲስ አበባ ይቀርባል

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጠፈር ይጀምርበታል የሚባለው ከፍታ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር። መንገዱ ሽቅብ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ሳንደርስ፣ ጠፈር ላይ እንሆን ነበር። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞርበት ከፍታ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ማለት ነው።

እንግዲህ አስቸጋሪው ርቀቱ አይደለም። ፍጥነቱ ነው።

አንድ መንኮራኩር በምሕዋር፣ ማለትም ምድርን በሚዞርበት መስመር ላይ ለመቆየት በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል መብረር አለበት። በዚያ ፍጥነት ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 17 ሰከንድ አይሞላም። ይህ ሁሉ ፍጥነት ለምን? መንኮራኩሩ ጠፈር ላይ የሚንሳፈፈው የምድር ስበት ስለማይደርስበት ይመስለናል። አይደለም። ስበቱ እዚያም አለ። መንኮራኩሩ ሁልጊዜ ወደ ምድር እየወደቀ ነው። ግን ወደ ጎን እጅግ ስለሚፈጥን፣ እሱ በወደቀ ቁጥር ክቧ መሬት ከሥሩ ትሸሸዋለች። ስለዚህ ሲወድቅ ይኖራል፤ መሬት ግን አይደርስም።

ያን ፍጥነት የሚሰጠው ነዳጅ ነው። የሩሲያው ሶዩዝ ሮኬት ሲነሳ 300 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከዚያ ሁሉ ምሕዋር የሚደርሰው መንኮራኩር 7 ቶን ቢሆን ነው። የቀረው አብዛኛው የሚነድ ነገር ነው። ሰው እንግዲህ የሚቀመጠው እዚያ የነዳጅ ክምር ጫፍ ላይ ነው።

መመለሱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። ስለ ጣርማበር ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚሏት ነገር አለች፦ «ሽቅቡ ምን አለው፤ ሰው የሚበላው ቁልቁለቱ ነው።» ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ይህ ይገባዋል። የከባድ መኪኖቹ ፍሬን ሲግል ከሩቅ ይሸታል። ያ ሽታ ምንድን ነው? ፍጥነት ወደ ሙቀት ሲቀየር ነው። መኪናው ፍጥነቱን የትም ሊጥለው አይችልም፤ ፍሬኑ ላይ በሙቀት መልክ ያወጣዋል።

መንኮራኩር ሲመለስም ያው ነው። በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚበረውን ነገር ወደ ዜሮ ማውረድ አለበት። ይህን ሁሉ ፍጥነት በሞተር ለመግታት የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ ፍሬኑ አየሩ ራሱ ነው። ፊቱ ያለውን አየር እየጨመቀ ይወርዳል፤ የተጨመቀው አየር እሳት ይሆናል። ሙቀቱ ከ1,500 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ እሳትና በሰዎቹ መካከል ያለው የሙቀት መከላከያው ብቻ ነው።

የጥር ውርጭ

ጥር እኛ ጋ የሰርግ ወር ነው። የውርጭም ወር ነው። በአሜሪካ የጠፈር ታሪክ ሰው የሞተባቸው ሦስቱ ትልልቅ አደጋዎች ሁሉም በዚሁ ወር፣ በጥር 19፣ በጥር 20 እና በጥር 24 ነው የደረሱት። ዓመቶቹ ይለያያሉ እንጂ ቀኖቹ አንድ ሳምንት አይሞሉም። ገጠመኝ ነው፤ ግን ከመካከላቸው በአንዱ ብርዱ ራሱ ገዳይ ነበር።

የደብረ ብርሃን ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ጥር ላይ የውሃ ጎማ ማታ ግቢ ረስታችሁ እደሩ። ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጎማውን ልጠቅልለው ብትሉ እንደ ዱላ ይገተራል። በጣት ስትጫኑት የጎደጎደው ቦታ ቶሎ አይሞላም። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ያው ጎማ እንደ ገመድ ይታጠፋል። ጎማው አልተለወጠም። የተለወጠው ሙቀቱ ነው።

ቻሌንጀር የምትባለው መንኮራኩር የተነሳችው ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው፤ የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 28 ቀን 1986። ከጎንና ከጎኗ ሁለት ረጃጅም ጠጣር ነዳጅ የያዙ ሮኬቶች ነበሯት። እነዚህ ሮኬቶች ወጥ አይደሉም። ተቆራርጠው ተሠርተው፣ ፍሎሪዳ ላይ እንደ ቧንቧ ይጋጠማሉ። በየመጋጠሚያው ጋዝ እንዳያፈተልክ ሁለት ክብ የጎማ ቀለበቶች አሉ። መካኒኮቻችን ኦሪንግ የሚሉት ዓይነት ነው። ልዩነቱ መጠኑ ነው። ሮኬቱን ዞሮ የሚገጥም ስለሆነ ተዘርግቶ ቢለካ ከ11 ሜትር ይበልጣል፤ ውፍረቱ ግን የእርሳስ ያህል ነው።

ሮኬቱ ሲለኮስ በውስጡ ያለው ግፊት ግድግዳውን ይነፋዋል። መጋጠሚያው በትንሹ ይከፈታል። ያን ጊዜ ቀለበቱ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተለጥጦ ክፍተቱን መሙላት አለበት። የቀዘቀዘ ጎማ ግን አይቸኩልም። ቀለበቱ ዘገየ ማለት በሺህ ዲግሪ የሚነድ ጋዝ ቀደመው ማለት ነው።

ይህን መሐንዲሶቹ ያውቁ ነበር። ልቤን የሚሰብረው ይህ ነው። ሮኬቱን የሠራው ሞርተን ታየኮል የሚባል ኩባንያ ነው። እዚያ ይሠራ የነበረው ሮጀር ቦይዦሊ፣ አደጋው ከመድረሱ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ለአለቆቹ ማስጠንቀቂያ ጽፏል። ከዚያ በፊት በነበሩ በረራዎች ቀለበቶቹ ተበልተው፣ ጥቀርሻ አልፏቸው ተመልሰዋል። በጣም የከፋው የታየው ደግሞ በጣም በቀዘቀዘው ቀን፣ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ በተደረገ በረራ ነበር። የቻሌንጀር ቀን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወረደ። ማስወንጨፊያው ማማ ላይ የበረዶ ዘለላ ተንጠለጠለ። በመነሻ ሰዓቱ 2 ዲግሪ ገደማ ነበር።

በዋዜማው ማታ ኩባንያውና የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በስልክ ተሰበሰቡ። መሐንዲሶቹ «ከ12 ዲግሪ በታች አይነሳ» አሉ። የናሳ ሰዎች ተከራከሩ። ኩባንያው ለብቻው ልምከር ብሎ መስመሩን ለጊዜው ዘጋ። በዚያ መሐል አንዱ ኃላፊ ለዋናው መሐንዲስ «የመሐንዲስነት ባርኔጣህን አውልቅና የአስተዳዳሪነቱን አድርግ» አለው። ይህ በኋላ በምርመራው ላይ በይፋ የተነገረ ነው። መስመሩ ሲከፈት የኩባንያው መልስ ተቀይሮ ነበር፦ ይነሳ። ፍሎሪዳ የነበረው የኩባንያው ተወካይ አለን ማክዶናልድ አልፈርምም አለ። ሌላ ሰው ፈረመ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። እስከዚያች ማታ የነበረው ልማድ «ደኅና መሆኑን አሳየኝና ይነሳ» የሚል ነበር። ያን ማታ ጥያቄው ተገለበጠ። «አደገኛ መሆኑን አረጋግጥልኝና ይቁም» ሆነ። ቦይዦሊና ጓደኞቹ ስጋት እንጂ የማያወላዳ ማረጋገጫ አልነበራቸውም። በ2 ዲግሪ ተሞክሮ አያውቅማ! ማረጋገጫው የመጣው በማግስቱ ነው።

መንኮራኩሯ እንደተነሳች ከቀኝ ሮኬቷ መጋጠሚያ ጥቁር ጭስ ቡልቅ ሲል ካሜራ ይዞታል። በ59ኛው ሰከንድ ገደማ ነበልባል ታየ። በ73ኛው ሰከንድ በ14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ተበታተነች። ሰባት ሰዎች አለቁ። አንዷ ክሪስታ ማኮሊፍ ናት፤ ከ11 ሺህ በላይ አመልካቾች መካከል የተመረጠች መምህርት። ከጠፈር ላይ ልታስተምራቸው የነበሩት ተማሪዎች ክፍላቸው ውስጥ ሆነው በቴሌቪዥን ያዩ ነበር። ያቺ መንኮራኩር ለሠራተኞቿ ማምለጫ አልነበራትም።

በምርመራው ላይ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ያደረገውን ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ከዚያው ጎማ ቁራጭ በብረት ማጥበቂያ ጨምቆ በረዶ ያለው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተተው። ቆይቶ አወጣው፤ ማጥበቂያውን ፈታው። ጎማው እንደተጨመቀ ለጥቂት ሰከንዶች ቀረ። በሁሉም ሰው ፊት፣ በቴሌቪዥን። የእኛ ሰው ያን ለማየት ብርጭቆም አያስፈልገው፤ ጥር ላይ ግቢው መውጣት ይበቃዋል።

የለመዱት ስህተት

ከቻሌንጀር በኋላ ቀለበቱ ተሻሻለ፤ መጋጠሚያው እንደገና ተነደፈ። በረራው ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆሞ በ1988 ተጀመረ። ከቻሌንጀር 17 ዓመት በኋላ ግን ያው ድርጅት፣ ናሳ፣ በሌላ ዕቃ ያንኑ ስህተት ደገመው።

ኮሎምቢያ የምትባለው መንኮራኩር ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ተነሳች። በ82ኛው ሰከንድ ገደማ ከትልቁ የነዳጅ ጋን ላይ አንድ ቁራጭ ፎም ተገንጥሎ የግራ ክንፏን መታ። ፎም ነው፤ ከፍራሽ ስፖንጅ እምብዛም አይከብድም። ቁራጩ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ምን ሊያደርግ ይችላል? አለቆቹም ያሉት ይህንኑ ነው።

ግን አስቡት። ፎሙ ቀላል ስለሆነ እንደተገነጠለ አየሩ ወዲያው ገታው። መንኮራኩሯ ደግሞ እየፈጠነች ነበር። ስለዚህ ክንፉ ነው ሄዶ ፎሙን የመታው፤ ያውም በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ። በኋላ መርማሪዎቹ እንዲያ ያለ ፎም በዚያው ፍጥነት በተመሳሳይ ክንፍ ላይ ተኮሱ። 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀዳዳ ከፈተ።

ኮሎምቢያ 16 ቀን ጠፈር ላይ ቆየች። በነዚያ ቀኖች መሐንዲሶች ክንፏ በሳተላይት ወይም በቴሌስኮፕ ፎቶ ይነሳ ብለው ደጋግመው ጠየቁ። አለቆቹ አያስፈልግም አሉ። ምክንያታቸው ፎም ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ መንኮራኩሮችን መትቶ፣ ሁሉም በሰላም መመለሳቸው ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ያስደነገጠው ነገር በአሥረኛው ጊዜ የጥገና ሥራ ሆኗል፤ በሃምሳኛው ጊዜ ማንም አያነሳውም። ቀለበቱም እንዲሁ ነበር የተለመደው። ጋሼ ይህን ሳጫውታቸው ብዙም አልተደነቁ። «ፍሬኑ ሦስቴ ሸትቶ ካሳለፈህ ሽታውን አደጋ ነው አትለውም፤ የመኪናው ጠረን ነው ትላለህ» አሉኝ። ስለ መንኮራኩር ምንም አላነበቡም። ነገሩን ግን ከብዙ ሰው በላይ ያውቁታል።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን፣ ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ኮሎምቢያ ወደ ቤት መውረድ ጀመረች። ያ እሳት የሆነ አየር በቀዳዳው ገባ። ክንፉን ከውስጥ አቀለጠው። ቴክሳስ ሰማይ ላይ በ60 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ ተበታተነች። ሰባቱም አለቁ። መርማሪዎቹ በሪፖርታቸው ላይ ለአደጋው የድርጅቱ የአሠራር ባህል የፎሙን ያህል ድርሻ አለው ብለው ጻፉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው ለካ ለሮኬትም ይሠራል።

መሬት ላይ የሞቱት፣ ጠፈር ላይ የሞቱት

ሦስተኛው የጥር አደጋ በጊዜ የመጀመሪያው ነው። ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 27 ቀን 1967። ጠፈርተኞቹ ገስ ግሪሶም፣ ኤድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ የሞቱት ሳይነሱ ነው። ሮኬቱ ነዳጅ እንኳ አልተሞላም። ልምምድ ላይ ነበሩ። ነዳጅ የለም ስለተባለ ልምምዱ አደገኛ ተብሎ አልተመዘገበም።

ካቢኑ ግን በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቶ ነበር፤ ያውም ከውጭው አየር በሚበልጥ ግፊት። ፍም በማራገቢያ ስናራግብ ለምን እንደሚቀላ እናውቃለን። ኦክስጅን ስለምናቀብለው ነው። እኛ የምንተነፍሰው አየር አንድ አምስተኛው ብቻ ነው ኦክስጅን። አምስቱም እጅ ኦክስጅን ሲሆን በደኅናው ጊዜ የማይነደው ጨርቅና ፕላስቲክ እንደ ጭድ ይነዳል። አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ በቃች። በሩ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው። እሳቱ ግፊቱን ሲጨምረው ሦስት ሰው ቀርቶ ሠላሳም ቢሆን ሊስበው አይችልም። እሳት አለ ብለው ከተጣሩበት ቅጽበት ካቢኑ እስከተሰነጠቀ ድረስ 20 ሰከንድ አልሞላም። ከዚያ በኋላ በሩ ወደ ውጭ በሰከንዶች የሚከፈት ሆነ። መሬት ላይ የሚሞላው አየርም ናይትሮጅን ተቀላቀለበት።

ከዚህ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በማርች 1961፣ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ የ24 ዓመቱ ቫለንቲን ቦንዳሬንኮ ተመሳሳይ ሞት ሞቷል። ኦክስጅን በበዛበት የሙከራ ክፍል ውስጥ ነበር። ሰውነቱን የጠረገበትን አልኮል የነካ ጥጥ ወረወረው፤ ጥጡ የጋለ ምድጃ ላይ አረፈ። ሞቱ እስከ 1986 ድረስ በምስጢር ተያዘ። እሱ ከሞተ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ዩሪ ጋጋሪን ምድርን ዞሮ በ108 ደቂቃ ሲመለስ ዓለም ሁሉ ጨፈረ፤ የቦንዳሬንኮን ስም ግን የሚያውቅ አልነበረም። የእሱ ሞት ቢነገር ኖሮ እነ ግሪሶም ይተርፉ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ስለ አደጋ ዝም ማለት ግን ሌላ ሰው ላይ መፍረድ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሶቭየት በኩል በበረራ ላይ ሰው የሞተባቸው ሁለት አደጋዎች ደርሰዋል። ቭላድሚር ኮማሮቭ በኤፕሪል 1967 ሶዩዝ 1 ላይ ብቻውን ነበር። ፓራሹቱ በትክክል ሳይዘረጋለት መሬት መታው። የሶዩዝ 11ዱን ግን ትንሽ ላብራራው።

ደብረ ብርሃን ላይ ባቄላ ለመቀቀል ትዕግሥት ይጠይቃል። ሸዋ ሮቢት ቶሎ ይበስላል። ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። እኛ 2,800 ሜትር ላይ ነን፤ ከላያችን ያለው አየር ስስ ስለሆነ ውሃው ሳይጫነው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ይንፈቀፈቃል እንጂ የቆላውን ያህል አይግልም። ከፍ በተባለ ቁጥር መፍያው ይወርዳል። 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ውሃ በሰው ሰውነት ሙቀት ይፈላል። እዚያ መከላከያ የሌለው ሰው ምራቁና እንባው ይፈላል፤ ራሱን ለመሳት ሰከንዶች ይበቁታል።

ጁን 1971 የሶዩዝ 11 ጠፈርተኞች ዶብሮቮልስኪ፣ ቮልኮቭና ፓትሳዬቭ በሳልዩት የጠፈር ጣቢያ ከ20 ቀን በላይ ሰንብተው እየተመለሱ ነበር። የግፊት ልብስ አልለበሱም። ሦስት ሰው ልብሱን ለብሶ ካቢኑ ውስጥ አይገባማ። መንኮራኩሩ ክፍሎቹን ሲለያይ በደረሰው ንቅናቄ፣ 168 ኪሎ ሜትር ላይ አንዲት የአየር ቫልቭ ተከፈተች። ቫልቯ መከፈት የነበረባት ወደ መሬት ሲቃረቡ ነው። በእጅ ለመዝጋት ሞክረዋል፤ ለመዝጋት የሚፈጀው ጊዜ ግን እነሱ ከነበራቸው ይበልጥ ነበር። መንኮራኩሩ ራሱን ችሎ ወረደ፤ ፓራሹቱ ተዘረጋ፤ በደኅና አረፈ። አንሺዎቹ በሩን ሲከፍቱ ሦስቱም በየወንበራቸው ላይ ነበሩ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጠፈር ውስጥ ሆነው የሞቱት እስከዛሬ እነሱ ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሶዩዝ ለረጅም ዓመታት ሁለት ሁለት ሰው ብቻ ነበር የሚጭነው፤ በመውጫና በመውረጃም የግፊት ልብስ ግዴታ ሆነ።

በአራቱ በረራዎች፣ በቻሌንጀር፣ በኮሎምቢያ፣ በሶዩዝ 1 እና በሶዩዝ 11፣ የሞቱት 18 ናቸው። እስካሁን ጠፈር የደረሰው ሰው ደግሞ ከ600 በላይ ነው።

ወደ ደመናው ስንመለስ

ልጁ «ለደመና ብለው ነው?» ብሎ ነበር። አዎ፣ ለደመና ነው። በኖቬምበር 1969 አፖሎ 12 በዝናብ መሐል ተነስቶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ሁለቴ መብረቅ መታው። ሮኬት ሲወጣ ከኋላው የሚተወው የእሳትና የጭስ ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሰማይና መሬትን የሚያገናኝ ሽቦ እንደመዘርጋት ነው። ደመናው በራሱ የማይባርቅ ቢሆንም ሮኬቱ መብረቁን ይጠራዋል። በክረምት መብረቅ የሚወርድበት ሜዳ ላይ ብረት ይዞ የሚቆም የለም። ያን ቀን የቁጥጥር ክፍሉ ሰዎች ፈጥነው መፍትሔ ስላገኙ ጨረቃ ደርሰው ተመለሱ። ዕድልም ረድቷቸዋል። በዕድል ላይ ሁለተኛ ሰው አይጭኑም።

ከደመናው ሌላ የማምለጫው ነገር አለ። በሴፕቴምበር 1983 ሶቭየቶች ሮኬት ያስወነጭፉበት በነበረው በባይኮኑር አንድ የሶዩዝ ሮኬት ሊነሳ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲቀረው ከሥሩ ተቃጠለ። ቲቶቭና ስትሬካሎቭ ከላይ ተቀምጠዋል። እሳቱ ሽቦዎቹን ስለበላ የማምለጫው ሮኬት በራሱ አልሠራም። ከመቆጣጠሪያው ሁለት ሰዎች በሬዲዮ ትእዛዝ ለኮሱት። ካፕሱሉ ከጫፉ ተፈናጥሮ ሲሄድ ሮኬቱ ወዲያው ፈነዳ። ሁለቱም ከማስወንጨፊያው አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብለው በሕይወት አረፉ። በ2018ም እንዲሁ ሆነ። በመገጣጠም ጊዜ የተጣመመች አንዲት የሴንሰር ዘንግ የሶዩዝን ሮኬት በአየር ላይ አበላሸችው። ኦቭቺኒንና ሄግ ግን ተርፈው በአምስት ወራቸው እንደገና በረሩ።

እኔና የእህቴ ልጅ ያን ማታ ያየነው መንኮራኩርም እንዲህ ያለ ማምለጫ ነበረው፤ 8 ሞተሮች በካፕሱሉ ግድግዳ ላይ። ግንቦት 22 ቅዳሜ ማታ እንደገና ጋቢያችንን ተከናንበን ጠበቅን። 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ ተነሳ። ልጁ ጩኸቱን ለቀቀው፤ እህቱን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት።

አሁን 12ኛ ክፍል ደርሷል። በ2024 ስታርላይነር በሚባል አዲስ መንኮራኩር ለስምንት ቀን ያህል ተብለው የሄዱ ሁለት ጠፈርተኞች ጣቢያው ላይ ሲቀሩ፣ ቶሎ የደወለልኝ እሱ ነው። «አጎቴ፣ ሄሊየም እያፈሰሰ ነው፤ ትንንሾቹ ሞተሮችም እየጠፉ ናቸው» አለኝ። እነዚያ ሞተሮች መንኮራኩሩን ለመውረድ ቀጥ አድርገው የሚይዙ ናቸው። መሐንዲሶቹ ለሁለት ተከፈሉ። የሠራው ኩባንያ ይመለሱበት አለ። በዚያች ነሐሴ ናሳ ግን አይመለሱበትም ብሎ ወሰነ። የያኔው የናሳ ኃላፊ ቢል ኔልሰን ውሳኔውን ሲናገር ሁለቱን የጠፉ መንኮራኩሮች አነሳ። ኔልሰን ራሱ በጃንዋሪ 1986 በኮሎምቢያ በርሮ ነበር፤ ካረፈ ከአሥር ቀን በኋላ ነው ቻሌንጀር የተበተነችው።

ስታርላይነር ባዶውን ተመለሰ፤ ያለችግር አረፈ። «እንግዲያው ሰዎቹም ሊመለሱበት ይችሉ ነበር» አልኩት ልጁን ልፈትነው ብዬ። «ፎሙም እኮ ብዙ ጊዜ ያለችግር አልፎ ነበር» አለኝ።

ሱኒ ዊሊያምስና ቡች ዊልሞር ከዘጠኝ ወር በላይ ጠበቁ። ማርች 18 ቀን 2025 በሌላ መንኮራኩር ፍሎሪዳ አጠገብ ባሕር ላይ አረፉ። በእኛ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ቴሌግራሜ ጮኸ። ቪዲዮ ነው። ፓራሹቶቹ ውሃው ላይ ተኝተዋል፤ ካፕሱሉ ይንሳፈፋል። ዙሪያውን ዶልፊኖች ይዋኛሉ። ከሥሩ «አጎቴ፣ ደርሰዋል» ብሎ ጽፎበታል።